ሳይወለድ የተቀበረው ልጅ ነገር እንዴት እንደተፈታ

የባለቤቴ ቅድመ አያቶች እንግሊዝ አገር ኖርፎክ ውስጥ ካለች ትንሽ መንደር ናቸው፣ እና የአጥቢያውን ቤተክርስቲያን የድሮ መዝገብ ስናገላብጥ አንድ ልጅ አላስኬድ አለን። ክርስትና የተነሳው ኤፕሪል 1731፣ የተቀበረው ፌብሩዋሪ 1731። ሳይወለድ ተቀበረ? አማቴ "ሁለት ልጆች ናቸው" ብለው ድርቅ አሉ (ሊሆንም ይችል ነበር፣ የሞተውን ልጅ ስም ለሚቀጥለው መስጠት እዛ የተለመደ ነበር)።

የተፈታው መዝገቡን ከላይ ወደ ታች በተርታ ሳነበው ነው። ከዲሴምበር 1731 ቀጥሎ ጃንዋሪ 1731 ይላል፣ ዓመቱ የሚቀየረው ማርች 25 ላይ ነው። ለካ እንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመቷ ማርች 25 ነበር፣ ጃንዋሪ 1 የሆነው ከ1752 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ያ ፌብሩዋሪ ባሁኑ አቆጣጠር 1732 ነው፣ ልጁ አስር ወር ገደማ ኖሯል ማለት ነው፣ ነፍሱን ይማረው። እኛ አዲስ ዓመት በመስከረም ለለመድነው ብዙም አይገርምም፣ የገረማቸው አማቴ ናቸው።

ስለዚህ ከ1752 በፊት ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለውን ሁሉ በሁለቱም ዓመት፣ ለምሳሌ 1731/32 እያላችሁ ጻፉት፣ ኦሪጅናሉም አይጠፋም። ኢንዴክስ (ከመዝገቡ የተውጣጣውን የስም ዝርዝር) ብቻ አትመኑ፣ አንዳንዱ ዓመቱን አስተካክሎ ነው የሚያስገባው አንዳንዱ ደግሞ እንዳለ፣ የገጹን ፎቶ ክፈቱ። ገጹ ከተቀደደ ወይ ቀለሙ ከለቀቀ ደግሞ ከ1598 ጀምሮ አጥቢያዎቹ በየዓመቱ ለጳጳሱ የሚልኩት ኮፒ ነበር፣ የተረፈው ብዙውን ጊዜ የካውንቲው (የአውራጃው) መዝገብ ቤት ይገኛል፣ እኔም ሁለቱን ጎን ለጎን አይቼ ነው ያረጋገጥኩት።