የኤአይ ሰርቨርን ከተርሚናል ላይ በእጅ እንዴት መሞከር ይቻላል

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የአክስቴ ልጅ ትንሽዬ ሱቅ አለችው። የዱቤ ደብተሩ ሲያረጅበት አብረን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥነው። ከዚያ ኤአይ ፋይሉን አንብቦ «ማን ስንት ብር አለበት?» ሲባል እንዲመልስለት ፈለገ። ኤአዩን ከማገናኘታችን በፊት ግን ሰርቨሩን በእጃችን ሞከርነው። እናንተም እንዲህ እንድታደርጉ ስለምፈልግ አካሄዱን ልንገራችሁ። ተርሚናል ማለት ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚተየብበት መስኮት ነው። ከፍታችሁት የማታውቁም ብትሆኑ አብሽሩ፣ የሚተየበው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ቻት የምታደርጉት ኤአይ ብቻውን የኮምፒውተራችሁን ፋይል መክፈት አይችልም። መሀል ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይገባና «ማንበብ፣ መጻፍ፣ መፈለግ እችላለሁ» ብሎ ሥራውን ይዘረዝርለታል። ፕሮግራሙ ሰርቨር ይባላል፤ እያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ቱል። የሚግባቡበት ደንብ ኤምሲፒ ነው። ክሎድ የተባለውን ኤአይ የሚሠራው ኩባንያ አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ አደረገው። ደንቡ ክፍት ስለሆነ ኤአዩ የሚልከውን ጥያቄ እኛም መላክ እንችላለን። ለዚህ የሚሆነን ከራሱ ከኤምሲፒ ፕሮጀክት የወጣው ኢንስፔክተር የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው።

ከታች ትእዛዞቹን የጻፍኩት በፊደላችን ነው። ስትተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ የፋይልና የፎልደር ስምም እንደዚያው።

ሰርቨሩንና ኢንስፔክተሩን የሚያስኬደውን ኖድ የሚባል ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። 22ኛው ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ይሁን። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብትሆኑ ጥሩ ነው፣ የሞባይል ዳታ ይበላል። ከዚያ ተርሚናል ክፈቱ። ዊንዶውስ ከሆነ ሲኤምዲ የሚባለውን ተርሚናል ምረጡ፤ ፓወርሼል የሚባለው ሌላኛው አንዳንድ ጊዜ በደህንነት ሕጉ ይከለክላል። ቀጥሎ ይህን ጻፉ፦

ኤንፒኤም ኢንስቶል -ጂ @ሞዴልኮንቴክስትፕሮቶኮል/ኢንስፔክተር @ሞዴልኮንቴክስትፕሮቶኮል/ሰርቨር-ፋይልሲስተም

ስሙን አንድ ፊደል እንኳ እንዳትስቱ። ኤንፒኤም ፕሮግራሞቹን የሚያመጣበት የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ማንም ሰው ፕሮግራም ማስቀመጥ ስለሚችል፣ በተመሳሳይ ስም የተቀመጠ የማይታመን ነገር ልትጭኑ ትችላላችሁ። አንዴ ከተጫነ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ሙከራው አይቆምም፤ ሰርቨሩ የሚሠራው እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ ነው።

አሁን ተርሚናሉ በተከፈተበት ፎልደር ውስጥ ሱቅ የሚባል ፎልደር ፍጠሩና የፋይላችሁን ቅጂ ብቻ አስገቡበት። ዋናውን አትንኩት። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (የአማርኛ ፊደልንም በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ) ሴቭ የተደረገ ይሁን፣ አለበለዚያ አማርኛው ይበላሻል። ቀጥሎ ሰርቨሩን ምን ምን እንደሚችል ጠይቁት፦

ኤምሲፒ-ኢንስፔክተር --ሲኤልአይ ኤምሲፒ-ሰርቨር-ፋይልሲስተም ሱቅ --ሜቶድ ቱልስ/ሊስት

ረጅም ጽሑፍ ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አይቶ ያልፋል፤ እናንተ ግን አትለፉት። የእያንዳንዱ ቱል ስም፣ ማብራሪያና የሚፈልገው ነገር እዚያ ነው የተጻፈው። ኤአዩም የትኛውን ቱል እንደሚጠራ የሚወስነው ይህንኑ አንብቦ ነው።

ፋይላችሁ ዱቤ ከተባለ ለማንበብ እንዲህ ነው፤ ከፓዝ ቀጥሎ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ጻፉ፦

ኤምሲፒ-ኢንስፔክተር --ሲኤልአይ ኤምሲፒ-ሰርቨር-ፋይልሲስተም ሱቅ --ሜቶድ ቱልስ/ኮል --ቱል-ኔም ሪድ_ቴክስት_ፋይል --ቱል-አርግ ፓዝ=ሙሉ-አድራሻ/ሱቅ/ዱቤ.ቲኤክስቲ

«ኮንቴንት» ከሚለው ስር «ቴክስት» አለ፤ የፋይላችሁ ይዘት እሱ ነው። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ አትደንግጡ። ፋይሉ ደህና ነው፣ የመስኮቱ ፎንት ፊደላችንን ስለማያውቅ ነው። ከትእዛዙ ኋላ የ«ይበልጣል» ምልክት (>) እና የአንድ አዲስ ፋይል ስም ጨምሩ። መልሱ እዚያ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ በኖትፓድ ክፈቱት።

ሪድ ሲሠራልን ደስ ብሎን ወደ መጻፊያው ሄድን። ራይት_ፋይል ይባላል፤ ፋይሉን በፓዝ፣ የሚጻፈውን በኮንቴንት ትሰጡታላችሁ። አንድ አዲስ ዕዳ ለመጨመር «ስኳር 2 ኪሎ» የሚል መስመር ላክን። «ተሳክቷል» የሚል መልስ መጣ። መልሰን ስናነብ ፋይሉ ውስጥ ያለው «ስኳር 2 ኪሎ» ብቻ ነው። የስድስት ወር ዱቤ የለም። የአክስቴ ልጅ ክው አለ። ቅጂ ባይሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ወደ ማብራሪያው ስንመለስ ቱሉ ነባሩን ፋይል ሙሉ በሙሉ እንደሚተካ በግልጽ ተጽፏል። የሚጨምር መስሎን የነበረው እኛ ነን።

ለመጨመርም ለማረምም ኤዲት_ፋይል ይሻላል። እሱ የጠቆማችሁትን ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀይረው። ድራይራን የሚለውን «ትሩ» ካላችሁት ደግሞ ፋይሉን ሳይነካ ምን ሊቀይር እንደሆነ ያሳያችኋል።

አንድ ሙከራ ይቀራል፤ አጥሩን ማየት። ከሱቅ ፎልደር ውጭ ያለ ፋይል እንዲያነብ እዘዙት፣ ለምሳሌ ዴስክቶፕ ላይ ያለ። «አክሰስ ዲናይድ» ብሎ እምቢ ማለት አለበት። ካነበበው ግን ስታስነሱት የሰጣችሁት ፎልደር ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው፤ ትእዛዙን መልሳችሁ እዩት። እኔ ይህን ሳላይ ሰው ኮምፒውተር ላይ ኤአይ አላገናኝም።

ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነም ብዙ አይለይም። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ የመጋዘን ዝርዝሩን ያስቀመጠው ኢንተርኔት ላይ ባለ ሰርቨር ነው። በፕሮግራሙ ስም ፋንታ አድራሻውን ይጽፍና --ትራንስፖርት ኤችቲቲፒ ይጨምራል። የይለፍ ቁልፍ ካለው --ሄደር በሚለው ይገባል። ተርሚናል የተየባችሁትን ስለሚያስታውስ ግን በሰው ኮምፒውተር ወይም በኢንተርኔት ካፌ ቁልፋችሁን አትጻፉ።

የሱቁን ያገናኘነው በማግስቱ ነው። ማንበቢያውን ፈቀድንለት። መጻፊያውንና ማረሚያውን ግን ሊጠቀም ባለ ቁጥር እንዲያስፈቅድ አደረግነው። የአክስቴ ልጅም የመፍቀጃው ጥያቄ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የቱሉን ስም ያነባል።