የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከቤት ጉብኝት እስከ ኃላፊነት ወንበር

ባሕር ዳር ውስጥ ሕፃናት ላይ የሚሠራ ሶሻል ወርከር ሥራውን የሚጀምረው መናኸሪያ አካባቢ ከሚያድሩ ልጆች፣ በደላላ ከገጠር መጥተው በሰው ቤት ከሚሠሩ ታዳጊዎችና ሳይደርሱ ሊዳሩ ከተቀጠረላቸው ተማሪዎች ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አስተባባሪ ይሆናል፤ አንዳንዱም እንደ እኔ መምህር ሆኖ ያርፈዋል። በየደረጃው የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የአንድ ችኮላ ልጆች ናቸው፤ ጉዳዩን ቶሎ ዘግቶ የመገላገል ችኮላ።

ልጅን አሳዳሪዋ ባለችበት መጠየቅ የመጀመሪያው ነው። ባለሙያው ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ቡና ይቀርባል፣ ልጅቷ ስኒውን እያቀበለች «እትዬ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ» ትላለች። ቅጹ ላይ «አያያዟ ጥሩ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ልጅቷ ግን የመለሰችው ለእትዬ ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ያገኘቻት ሴት ባለሙያ «ማታ የት ነው የምትተኚው? ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? ደመወዝሽን ማን ይቀበልልሻል?» ብላ ብትጠይቃት ሌላ ታሪክ ትሰማለች። «ይመቱሻል ወይ?» ብሎ መጀመር አይገባም፤ የፈራ ልጅ «አይ» ብሎ ይገላገለዋል። ከተናገረች በኋላ ደግሞ ያንኑ ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ እንደ አዲስ ማስደገም ራሱን የቻለ በደል ነው። ጥቃት ለደረሰባቸው ሕፃናት ሕክምናውና የፖሊስ ምርመራው አንድ ቦታ እንዲሰጥ የተደረገው ስለዚህ ነው።

ዕድሜን በአፍ ቃል መቀበልም የተለመደ ነው። «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ይላል አባት፤ ባለሙያውም ይጽፋል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደች ልጅ ካርድ ባይኖራት አይደንቅም። ክርስትና ያነሣቻትን ሴት፣ አንደኛ ክፍል የገባችበትን ዓመት፣ የታናሿን ዕድሜ መጠየቅ ግን አያቅትም።

ብዙ ጉዳት የማየው ድህነትን እንደ ቸልተኝነት ከመቁጠር ነው። እናት ጉልት ስትውል የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ሕፃኑን አዝላ ከተገኘች ጀማሪው ቶሎ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ያስባል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመነጠል ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ በግልጽ ያስቀምጣል። አክስት አለች ወይ? የክርስትና እናቷስ? እድሩ ምን ሊያግዝ ይችላል? እነዚህ ሳይጠየቁ ማሳደጊያ የሚለው ቃል ባይነሣ እመርጣለሁ። የውጭ ጉዲፈቻም በ2010 ዓ.ም. በሕግ ስለቀረ፣ ቤተሰብን ማጠናከር፣ ዘመድና የአደራ ቤተሰብ ከቀድሞው ይልቅ ሊለፋባቸው ይገባል።

እግረ መንገዴን፦ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ የጎዳና ተዳዳሪ ብሎ የመዘገበ ተማሪ ገጥሞኛል። የቆሎ ተማሪ የኔታ አለው፣ ጓደኞችና ጎጆ አለው። ችግር የለበትም ማለት አይደለም፤ ረሀቡም ሕመሙም ይታወቃል። ግን መጀመሪያ የኔታን ማነጋገር ያስፈልጋል።

ሽምግልና ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። በባልና ሚስት ጠብ፣ በቀለብ ክርክር ሽማግሌ የሚያደርገውን እኛ አናደርገውም፤ ላግዛቸው እንጂ ልተካቸው አልልም። ልጅ ከተደፈረች ግን «ካሣ ይከፈል፣ ያግባት» የሚባልበት ምንጣፍ ላይ ባለሙያ መቀመጥ የለበትም፤ እዚያ መቀመጡ ብቻ ማጽደቅ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አጥፊው ተጠቂዋን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ዘግቶታል። ሽማግሌዎቹ ይህን ላያውቁ ይችላሉ። እንግዲህ «አባቶቼ፣ ይህ ከእናንተም ከእኔም እጅ ውጭ ነው» ብሎ በአክብሮት መናገር የእኛ ድርሻ ነው፤ አስቀድሞ ግን የልጅቷን ማደሪያ ማሰብ ይገባል፤ ከተናገሩ በኋላ እዚያው ቤት ጥሎ መሄድ ያስፈራል።

ከቤተሰብ መቀላቀልን የአውቶቡስ ቲኬት ማድረግም አለ። ልጁ ወደ መራዊ ወይም ወደ ሐሙሲት ይሸኛል፤ ያሸሸው የእንጀራ አባት እዚያው ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መናኸሪያው ላይ እንደገና ይገኛል። በሪፖርቱ ላይ ግን «ተቀላቅሏል» ነው።

አስተባባሪ የሆነ ሰው ትልቁ ስህተት በሥሩ ያሉ ባለሙያዎችን መከታተልን (ሱፐርቪዥንን) ወረቀት ማጣራት ማድረጉ ነው። አሜሪካዊው የሶሻል ዎርክ ምሁር አልፍሬድ ካዱሺን ለእንዲህ ያለው ሙያዊ ክትትል ሦስት ተግባራት አስቀምጧል፦ ማስተዳደር፣ ማስተማር፣ መደገፍ። እኛ ዘንድ በአብዛኛው የመጀመሪያው ብቻ ነው ያለው። «ሪፖርቱ የት ደረሰ?» ይባላል፤ «ከዚያ ቤት ስትወጪ ምን ከበደሽ? የልጁ እናት ላይ የተለየ ምን አየሽ?» የሚል አለቃ ብርቅ ነው። ቀኑን ሙሉ የልጆች ስቃይ ሲሰማ የዋለ ባለሙያ ውሎ አድሮ ወይ ይደነዝዛል ወይ ሥራውን ይለቃል። በአንድ በኩል አለቆቹንም አልፈርድባቸውም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተከፈተው የሶሻል ዎርክ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ፣ ዳግም የተከፈተው ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። መሐሉ ላይ የጠፋው ትውልድ ዛሬ ከፍተኛ ባለሙያ ሆኖ ሊያሠለጥነን የሚገባው ነበር። ብዙዎቻችን ሳንመራ ነው መሪ የሆንነው። ስለዚህ ኃላፊ ሲሆኑ ባለጉዳዮችን ሙሉ በሙሉ መተው አይገባም፤ አንድ ሁለት ልጅ በራስ እጅ ማቆየት ይሻላል።

መምህርም የራሱ አለበት፦ የመስክ ልምምድን በፊርማና በሰዓት መለካት። እኔ ተማሪዎቼ በሳምንት አንድ ውይይት መርጠው ያሉትንና ልጁ ያለውን ቃል በቃል፣ ዝም የተባለበትን ጭምር፣ ጽፈው እንዲያመጡ አደርጋለሁ። አብረን ስናነበው «እዚህ ላይ ለምን ቸኮልክ?» እላለሁ፤ ለዚህ ግማሽ ገጽ ይበቃል።