በአዳማ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አዳማ ላይ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ለማግኘት ብዙ መዞር አያስፈልግም። ደላላው በቴሌግራም ፎቶ ይልካል፤ መኪናው ታጥቦ፣ መቶ ፐርሰንት ተቻርጆ ይቀርባል። ገዢው ደግሞ በነዳጅ መኪና ዘመን በለመደው ዓይን ያየዋል፦ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ላሜራውን ያንኳኳል፣ ስቱኮ ይፈልጋል፣ ኪሎ ሜትሩን ያነባል። ይህ ሁሉ አይከፋም። ገንዘቡ ያለው ግን ወለሉ ሥር፣ ባትሪው ላይ ነው። በእቁብና በብድር ለሚገዛ ሰው የደከመ ባትሪ ማለት መኪናውን ሁለት ጊዜ መግዛት ማለት ነው።

የማስታወቂያውን ርቀት እንዳለ መቀበል

ከቻይና የገቡት መኪኖች ላይ የሚነገረው «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የሚለው ቁጥር ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና ፈተና የተለካ ነው። የፈተናው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት ፍራንኮ ለሚመላለስ ሰው ቁጥሩ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በፈጣን መንገድ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ግን ከተጻፈው ላይ ከ30 እስከ 40 ፐርሰንት ይቀንሱ።

የቻይናውን ትንሽ መኪና ቢዋይዲ ሲጋልን እንውሰድ፤ ባለ ትንሽ በጀት ገዢ አብዝቶ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሁለት ዓይነት ባትሪ ይዞ ይመጣል፤ አቅማቸው እንደ ቤት ቆጣሪ በኪሎዋት ሰዓት ይለካል፦ 30.08 ኪሎዋት ሰዓት (በፈተናው 305 ኪሎ ሜትር) እና 38.88 ኪሎዋት ሰዓት (405 ኪሎ ሜትር)። ከውጭ ሲያዩአቸው በቀላሉ አይለዩም። ትልቁ ባትሪ ከጤንነቱ (አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም) 90 ፐርሰንት ቀርቶታል እንበል፤ 35 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በሰዓት ከ90 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ወይም 14 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ሲሆን 28 ገደማ። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ ዳገቱ የወሰደውን ቁልቁለቱ ሙሉ በሙሉ አይመልስምና 1 ይጨመር። ከተማ ውስጥ መዞሪያ 3። ጠቅላላ 32። እቤት ሲገባ የሚቀረው 3 ነው፤ ያውም ነፋስ ካልገጠመው። ትንሹ ባትሪ በተመሳሳይ ጤንነት 27 ብቻ ስላለው አዲስ አበባ ላይ ሳይቻርጅ አይመለስም።

ነፋሱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። በሰዓት 90 የሚሄድ መኪና 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው፣ አየሩ የሚጫነው 120 እንደሚሄድ መኪና ነው፤ የአየሩ ግፊት በ78 ፐርሰንት ይጨምራል። ሾፌሩ እግሩን አላበዛም፤ ፐርሰንቱ ግን ይወርዳል።

የባትሪውን ጤንነት ከስክሪን ማንበብ

በአንዳንድ ሞዴሎች ባትሪው ሲሞላ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር የፋብሪካው ቁጥር ነው። ባትሪው ደክሞም «405» ሊል ይችላል። ሻጩ ይህን ፎቶ አንስቶ ቢልክልዎ ምንም አላሳየዎትም።

እውነቱን የሚናገረው የቤት ቆጣሪ ነው። መኪናው 20 ፐርሰንት ላይ እያለ ምሽት ላይ እቤትዎ ወይም ሻጩ ቤት ይሰኩት። ምጣዱን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ ፍሪጁን ጭምር ያጥፉ። የቆጣሪውን የኪሎዋት ሰዓት ንባብ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ጠዋት 100 ፐርሰንት ሲል እንደገና ያንሱ። ልዩነቱ 32 ሆነ እንበል። ከቆጣሪ እስከ ባትሪ ከ10 እስከ 12 ፐርሰንት በሙቀት ይባክናልና በ0.88 ያባዙት፤ 28.2 ይሆናል። የተሞላው 80 ፐርሰንቱ ስለሆነ ለ0.8 ያካፍሉት፤ 35.2። ለ38.88 ሲካፈል ጤንነቱ 90 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ቆጣሪው የቆጠረው 27 ብቻ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ 76 ፐርሰንት ይመጣ ነበር፤ ያን መኪና ትተው ይሂዱ፣ ወይም ዋጋው ላይ በጭካኔ ይደራደሩ። ስሌቱ አምስት ፐርሰንት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፤ ለመወሰን ግን ይበቃል።

«አንድ ሌሊት አላሳድርም» የሚል ሻጭ ያጋጥማል። ቀን ላይ ከ40 እስከ 80 ፐርሰንት ይሙሉና ለ0.8 ሳይሆን ለ0.4 ያካፍሉ፤ ስህተቱ ትንሽ ይሰፋል እንጂ ዘዴው ያው ነው። እሱንም እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ሞልቶ ብቻ መሞከር

ሞልቶ የሚነዳ መኪና ሁሉ ጥሩ ይመስላል። የደከመ ሴል (ትልቁ ባትሪ ከተሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ) የሚጋለጠው ባትሪው ሲጎድልና ሲጨነቅ ነው። ስለዚህ ከ25 ፐርሰንት በታች ሲሆን ዳገት ፈልገው ነዳጁን ጠበቅ አድርገው ይርገጡ (ነዳጅ ባይኖረውም ፔዳሉን ሁሉም እንደዚያው ነው የሚጠራው)። ከ20 ወደ 12 ዝም ብሎ የሚዘልል፣ ወይም የኤሊ ምልክት አብርቶ ጉልበት የሚቀንስ ከሆነ ችግር አለ።

ኦቢዲ የምትባለዋ ትንሽ መሣሪያ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ተገናኝታ የየሴሉን ቮልቴጅ ታሳያለች። ኤልኤፍፒ በሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት መካከለኛ ቻርጅ ላይ ሴሎቹ ሁሉ 3.3 ቮልት አካባቢ ተመሳስለው ይታያሉ፤ እዚያ ላይ ማየት አያታልልዎ። ዳገት ላይ ተረግጦ አንዱ ሴል ከሌሎቹ ከ0.1 ቮልት በላይ ወርዶ ከታየ የባትሪው ጥቅል ለጥገና ሊከፈት ነው ማለት ነው።

«ኤሲው ብቻ ነው፣ ጋዝ ይሞላል»

በብዙ ሞዴሎች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው የኤሲው ጋዝና ኮምፕረሰር ነው። ጋዙ ያለቀበት መኪና በመጋቢትና ሚያዝያ የአዳማ ሙቀት ውስጥ ፈጣን ቻርጀር ላይ ሲሰካ ባትሪው እንዳይጎዳ ራሱን ይገታል፤ 40 ደቂቃ የተባለው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕረሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ነው፤ ዘይቱም ልዩ ነው። ተራ የኤሲ ዘይት የሞላ ባለሙያ የኢንሱሌሽን ስህተት (ኤሌክትሪክ ወደ መኪናው አካል የሚያፈስ ብልሽት) ፈጥሮ መኪናውን ጨርሶ ሊያስቆመው ይችላል። ኤሲው የማይሠራ መኪና ርካሽ ቢመስልም ቅናሹ ጥገናውን አይሸፍንም።

በዚሁ ጉዳይ፦ የመጀመሪያዎቹ ኒሳን ሊፍ መኪኖች የባትሪ ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ በአካባቢው አየር ብቻ ነው የሚበርዱት። ዳሽቦርዱ በስተቀኝ 12 ትንንሽ የጤና መስመሮች ያሳያል፤ የመጀመሪያዋ መስመር ስትጠፋ 15 ፐርሰንት ያህል አቅም ሄዷል። ለደጋ ከተማ ይሆናሉ፤ ለአዳማ አይመከሩም።

ማስገቢያውን ሳያዩ መስማማት

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባል ማስገቢያ አለው፤ አንዱ ለቀስታ፣ አንዱ ለፈጣን ቻርጅ። ከአውሮፓ የመጣ ሲሲኤስ 2፣ የድሮ የጃፓን መኪና ደግሞ ቻዴሞ። ክዳኑን ከፍተው ይዩ፤ ከዚያ በሚመላለሱበት መንገድ ያሉ ቻርጀሮች የትኛውን እንደሚያወጡ ያጣሩ። አስማሚ አለ፤ ግን የፈጣን ቻርጅ አስማሚ ውድ ነው፣ ርካሹ ደግሞ ይቀልጣል። ሁለቱንም ማስገቢያ እያዩ ሰክተው ይሞክሩ። የቀስታው ብቻ ይሠራና ፈጣኑ የተቃጠለ መኪና ይሸጣል።

መኪናውን ገዝቶ ስለ ሽቦው ማሰብ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የ16 አምፔር ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ከእንጀራ ምጣድ ጋር እኩያ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ አንድ ሁለት ሰዓት ነድዶ ይጠፋል፣ መኪናው ዘጠኝ አሥር ሰዓት ይቆያል። ምጣድ የቻለ ሽቦና ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅ ይቀልጣል። ከቆጣሪው ቦርድ ለብቻው የወጣ፣ የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ያለው፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ያስዘርጉ። ኤክስቴንሽን ፈጽሞ አይጠቀሙ። ምጣዱና መኪናው በአንድ ጊዜ ከተሰኩ ሁለቱ ብቻ 32 አምፔር ይሆናሉ፤ ብዙ የግቢ መስመር ያን አይችልም።

ቀጥሎ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ። ቻርጀሩ ግራውንድ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ አይሠራም። ብዙ የድሮ ቤት ውስጥ ሦስተኛው ሽቦ የለም፤ ካለም የትም አልተቀበረም። ኤሌክትሪሺያኑ በቮልት ሜትር ሲለካ ከፌዝ ወደ ግራውንድ 220 አካባቢ፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ጥቂት ቮልት ብቻ መሆን አለበት። አንዳንዱ ባለሙያ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልለዋል። «ይኸው ሠራ» ይላል። ኒውትራሉ ምሰሶው ላይ የተበጠሰ ቀን የመኪናው አካል በሙሉ 220 ይይዛል፤ በር የሚከፍተው ልጅ ነው የሚያዘው። እንዲህ የሚሠራ ባለሙያ ከግቢዎ ይውጣ። የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው ቦታ ላይ 2 ሜትር ያስቀብሩ።

ተከራይ ከሆኑ ከሻጩ በፊት አከራዩን ያናግሩ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 165 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨመራል፤ በጋራ ቆጣሪ ላይ ይህ ጠብ ነው፤ ሂሳቡንም ወደ ከፍ ያለ የታሪፍ እርከን ሊገፋው ይችላል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ገመድ በመስኮት ማውረድ መፍትሔ አይደለም።

ኪሎ ሜትሩን አይቶ ዓመቱን መርሳት

«ዜሮ ኪሎ ሜትር» ማለት አዲስ ማለት አይደለም። ወደብና ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት የቆመ ባትሪም ያረጃል፤ በተለይ ባዶ ሆኖ ከቆመ። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ አለው፤ አሥረኛው የሞዴል ዓመቱን ይናገራል፦ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025። ደላላው ከሚለው ጋር ያስተያዩት።

ሥሩን አለማየት

ጎሚስታ ቤት በክሪክ ማንሳት አይበቃም፤ ሊፍት ወይም ፎሳ ያለው ጋራዥ ይውሰዱት። የባትሪው ሆድ ላይ የተገባ ጎድጓዳ፣ አዲስ የተቀባ ማሸጊያ፣ ጭረት ያለበት ብሎን ካዩ ተመትቷል ወይም ተከፍቷል። ብርቱካንማዎቹ ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ቴፕ የተጠቀለለባቸው ከሆነ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

በውክልና መግዛት

መኪናው በሦስት ሰው እጅ አልፎ ሊብሬው ገና በመጀመሪያው ባለቤት ስም ነው፤ «ውክልናው አለ» ይባላሉ። ወካዩ ውክልናውን ከሻረ ወይም ከሞተ ውክልናው ያከትማል፤ እርስዎም ከወራሾች ጋር ይቀራሉ። ሻጩ ራሱ ከሊብሬው ጋር ቀርቦ ውሉ ይፈረም። የባንክ ዕዳና እገዳ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ ያን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። የቀድሞው ባለቤት ስልክ ላይ ያለው የመኪናው አካውንትም በዚያው ቀን፣ እርስዎ እያዩ ይሰረዝ፤ አለበለዚያ በሩን ከስልኩ የሚከፍት ሌላ ሰው አለ።

የመጨረሻዋን ብር ለሻጩ መስጠት

ከበጀትዎ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንቱን ይዘው ይቅሩ። ሽቦውና ብሬከሩ አለ፤ መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ስትሞት ትልቁ ሞልቶ እያለ በሩ እንኳ በሪሞት አይከፈትም። ብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎች ላይ እሷም ሊቲየም ናት፤ ተራ የመኪና ባትሪ አይተካትም፣ ዋጋዋን አስቀድመው ይጠይቁ። የፊት መብራትና የፊት መስታወት ዋጋም እንዲሁ። መንገድ ላይ ከቆመ በገመድ አይጎተትም፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው ከተሽከረከሩ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ሞጆ ላይ ቢቆም ጭኖ የሚያመጣልዎትን ሰው ስልክ ከመግዛትዎ በፊት ይያዙ።