ጎማው አልዞር ሲል፦ የሮለር ስኬት ችግርና መፍትሄ

ክረምቱ ወጣ፤ አስፋልቱም ደረቀ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደሴም ኮምቦልቻም ለሮለር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሐምሌና ነሐሴን አልጋ ስር የከረመው ጫማ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወጣል። የተበላሸውም በዚያው ሳምንት እኔ ጋ ይመጣል። የክለባችንን ልጆች ሮለር የምጠግነው እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ" የሚለው ድምፅ እስከ ጥቅምት አይቋረጥም። ብልሽቱ ደግሞ በየዓመቱ ያው ነው። ስለዚህ ጻፍኩት፤ እያያችሁ ራሳችሁ ሥሩት።

የማወራው አራት ጎማ በአንድ መስመር ስለተደረደረበት ሮለር ነው። ጫማው ልካችሁ መሆኑን፣ ብሎን አለመጉደሉን፣ ጎማው ላይ ክር ወይም የፌስታል ቁራጭ አለመጠምጠሙን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ጎማው ይንኮሻኮሻል፣ ይጮኻል፣ ወይም ጭራሽ አይዞርም

አብዛኛው የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ ኩሽኔታው፣ ማለትም ጎማው መሃል ገብቶ የሚያዞረው ባለ ኳስ የብረት ቀለበት፣ ውሃ ጠጥቷል።

አንድ ጎማ ሁለት ኩሽኔታ አለው። በሁለቱ እግር ስምንት ጎማ ስላለ በጠቅላላው 16 ኩሽኔታ ነው። ሁሉም በአንዴ አይበላሹም። ስለዚህ ፍታ ፍታ ከማለታችሁ በፊት ጫማውን ገልብጡና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣት አሽከርክሩ። ጤነኛው ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል። የታመመው ይንኮሻኮሻል፤ ንዝረቱም ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል። እሱን በማርከር ምልክት አድርጉበት።

ውሃው ከየት ገባ? ልጆቹ "በዝናብ አልነዳንም" ብለው ይምላሉ። እውነታቸውን ነው፣ በዝናብ አልነዱም። ዝናቡ ባባራ በሩብ ሰዓቱ ግን ነድተዋል። ደሴ ዳገት ስለሆነች ውሃው ቶሎ የወረደ ይመስላል። የአስፋልቱ ጉድጓድ ግን ይዞት ይቀራል። ጎማው ያንን ረግጦ ሲያልፍ ጭቃማው ውሃ በቀጥታ ወደ ኩሽኔታው ይረጫል። የጠዋት ጤዛም ቀላል አይደለም።

ከዝናቡ የባሰው ግን እጥበት ነው። አንዷ እናት ልጃቸው ለበዓል ንጹሕ ሮለር ይዞ እንዲወጣ ብለው ከነጎማው ኦሞ ውስጥ ዘፈዘፉት። በደንብ ፈተጉት፤ ከዚያም በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት። ሲመጣልኝ ጫማው አዲስ ይመስላል። ጎማዎቹ ግን አንዳቸውም አይነቃነቁም። ስፈታው የወጣው የበርበሬ ውሃ የመሰለ ዝገት ነበር። ኦሞው ግሪሱን አጥቦ አወጣው፤ ውሃው ገባ፤ ፌስታሉ ደግሞ እንዳይደርቅ አፈነው። እባካችሁ እናቶች፣ ሮለር አይታጠብም። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አበቃ። ፌስታል ውስጥም አይቀመጥም።

አሁን ጽዳቱ። ብሎኑን በብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘኑ መፍቻ) ፍቱና ጎማውን አውጡ። ብሎኑን በአንዱ በኩል አስገብታችሁ ስትገፉ የማዶው ኩሽኔታ መሃል ካለችው ትንሽ ቱቦ ጋር ይወጣል። ቱቦዋን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። በድንጋይ አትቀጥቅጡ። በካቻቢቴ እየፈለቀቀ የጎማውን እምብርት ሰንጥቆ የመጣ ልጅ አለ። ኩሽኔታው ተርፏል፤ ጎማው ግን ተጣለ።

የኩሽኔታው ክዳን ላስቲክ ከሆነ በመርፌ ጫፍ ከውስጠኛው ከንፈር በኩል አንሱት፣ ብድግ ይላል። ብረት ከሆነ ዳሩ ላይ ቀጭን የሽቦ ቀለበት ፈልጉ። ቀለበቱ በመርፌ ሲወጣ ክዳኑ ይነሳል። ቀለበት ከሌለው ክዳኑ ተጨፍልቆ የገባ ነው። እሱን አትታገሉት፣ ከነክዳኑ ይታጠባል።

ማጠቢያው ላምባ ወይም ቤንዚን ነው። የላስቲክ ክዳኑን ግን ውስጡ አትጨምሩ፤ ያብጥና ተመልሶ አይገባም። ኩሽኔታዎቹን ሰፊ አፍ ባለው የማርማላታ ጠርሙስ ክተቱ፣ እስኪሸፍናቸው ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙና ናጡ። ፈሳሹ ይጠቁራል። ድፉትና በአዲስ ድገሙ። ሳይጠቁር ሲቀር በቃው ማለት ነው። የተጠቀማችሁበትን ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ዘግታችሁ ጋራዥ ስጡ።

ቤንዚን ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከቤት ውጭ! አንዱ ጎረምሳ በረንዳ ላይ ቡና እየተፈላ ከከሰሉ ሁለት እርምጃ ርቆ ጠርሙሱን ሲከፍት ደረስኩበት። "አብሽር ጋሼ፣ ትንሽ ናት" አለኝ። እሳቱን የሚይዘው በዓይን የማይታየው ትነት ነው። መሬት ለመሬት ተስቦ ከሰሉ ጋ ይደርሳል። እጣን፣ ሲጋራ፣ ምድጃ ባለበት አይሞከርም። ላምባ ይሻላል። ቶሎ አይደርቅም እንጂ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም።

ሲታጠብ ወዲያው በጨርቅ አድርቁትና ፀሐይ ላይ አስጡት። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉት። ልጆቹ ይወዱታል፤ ኩሽኔታው እያፏጨ ሲሽከረከር ያስቃቸዋል። ዘይት የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ግን ውስጡ ይላጋል። ከባሰም ተበትኖ ዓይን ያጠፋል።

ከዚያ ዘይት። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት፣ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ። ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ አይከለክላችሁም። የምግብ ዘይት ያደረገ አለ፤ በሳምንቱ ሙጫ ሆኖ ጠበቀው። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ ያደረገም አለ። የሞተር ብናኝ ያለበትን ዘይት ኩሽኔታ ውስጥ መክተት ምን የሚሉት ጥገና ነው? ዳብሊው ዲ 40 የሚባለው ስፕሬይም ለኩሽኔታ የሚበቃ ማለስለሻ አይደለም። ግሪሱን ያወጣዋል፤ ለሁለት ቀን ያስፈነድቃችኋል፤ ከዚያ ይደርቃል። ለውድድር ቀን ዘይት ጥሩ ነው፣ ይፈጥናል። ለልምምድ ግን እኔ ትንሽ ግሪስ እመርጣለሁ። የኮምቦልቻ አቧራ ዘይትን ቶሎ ይጠጣዋል።

ታጥቦና ዘይት ጠጥቶም የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብረቱ ተበልቷል። ለውጡት። መጠኑ ቁጥሩ ላይ አለ፦ 608። የመሃል ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። "የሮለር ኩሽኔታ" ካላችሁ ዋጋ ይጨመርባችኋል። "608" ብላችሁ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅ ጠይቁ። ባለ ላስቲክ ክዳኑን ውሰዱ፣ ለዚህ አገር ጭቃና አቧራ እሱ ነው የሚሆነው። የድሮው የእጅ ስፒነር መሃልም አብዛኛውን ጊዜ ያው 608 ነው። ለቸገረው ይሆናል፤ ብዙ ግን አትጠብቁበት።

ነጋዴው "ኤቤክ 7 ነው፣ ኤቤክ 9 ነው" ቢላችሁ አትደንግጡ። ቁጥሩ የሚለካው የአሠራሩን ልክ ትክክለኛነት ነው። ስለ ብረቱ ጥራትም ሆነ ስለ ግሪሱ ምንም አይናገርም። ያም እውነት ከሆነ ነው። ርካሽ ኩሽኔታ ላይ 9 ብሎ ማተም ከቀለሙ በቀር ምንም አያስወጣም። በአንድ ቀን ልምምድ ቀዝቅዞ የሞተ "ኤቤክ 9" እጄ ላይ አለ።

ብሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ይቆማል፣ ሲላላ ይወላገዳል

ያቺ ኪሳችሁ ክተቱ ያልኳት ቱቦ የለችም።

ሥራዋ ሁለቱን ኩሽኔታዎች አራርቆ መያዝ ነው። እሷ ከሌለች ብሎኑን ስታጠብቁ የውስጠኛዎቹ ቀለበቶች ወደ መሃል ይገፋሉ፤ ኳሶቹ በጎን ይጨመቃሉ፤ ጎማው ቀጥ ይላል። ልጁ ያላላዋል። አሁን ይዞራል፣ ግን ይወላገዳል፤ ብሎኑም መንገድ ላይ ይወድቃል። አንዲት ልጅ ትክክለኛውን ልክ አገኛለሁ ብላ ሩብ ዙር ስታጠብቅ ሩብ ዙር ስታላላ ቅዳሜዋን ፈጀች። የለም። ያለ ቱቦዋ ትክክለኛ ልክ የለም። ሮንዴላ ደራርቦ መሙላትም አያዋጣም። ከወለቀ አሮጌ ጎማ ውስጥ አውጡ፣ ወይም ቶርኖ ቤት በልኩ አስቆርጡ። ስታስቆርጡ ከሌላኛው ጎማ ያወጣችኋትን ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ። በግምት የተቆረጠች ቱቦ ካልተቆረጠች አትሻልም።

ጎማው በውስጥ በኩል ተበልቷል

ይሄ ብልሽት አይደለም። እግር ወደ ጎን እየገፋ ስለሚሄድ የውስጠኛው ጠርዝ ቀድሞ ያልቃል። አንደኛውን ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአራተኛው ጋር አቀያይሩ። ስትገጥሙም ገልብጧቸው፤ የተበላው ጎን ወደ ውጭ ይዙር። ሳትገለብጡ ካቀያየራችሁ ደክማችሁ ብቻ ነው። ሳትነኩት ከተዋችሁት ደግሞ ቁርጭምጭሚታችሁ ወደ ውስጥ መዘንበል ይለምዳል። አሠልጣኙ "እግርህን አቅና" እያለ ይጮኻል፤ ልጁ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ጎማው ይንሸራተታል

አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቅና በጥፍር ሲጫኑት ድንጋይ የሆነ ጎማ ተራ ፕላስቲክ ነው። ምንም አታደርጉትም፣ ለውጡት። ጥሩው ፖሊዩሪቴን ነው፤ ጎኑ ላይ የስፋቱ ሚሊሜትርና የጥንካሬው ቁጥር፣ ለምሳሌ 82 ኤ፣ ታትሞበት ይመጣል። ጎማው ጥሩ ሆኖ የሚንሸራተት ከሆነ መንገዱን እዩ። እርጥብ ዜብራ ላይ ማንም ይወድቃል። የጭነት መኪና ናፍጣ ያንጠባጠበበት ላይም እንደዚያው።

ብሎን እየላላ ይወድቃል

ኮብልስቶን ነው። ንዝረቱ ይፈታዋል። ኮብልስቶን ላይ አትንዱ ብል የሚሰማኝ ስለሌለ ዘዴውን ልንገራችሁ። ብሎኑን አውጡና ጥርሱን በጨርቅ ጥረጉ። የጥፍር ቀለም ትንሽ ቀቡት፤ ሳይደርቅ አስገብታችሁ አጥብቁ። ይይዛል፤ ስትፈልጉም ይፈታል። ሱፐር ግሉ ግን አይሆንም፣ አትፈቱትም። ከመንዳት በፊት ሁሉንም ብሎን በእጅ መነካካት የማይለመድ ነገር ሆነ እንጂ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ፍሬኑ አይዝም

የተረከዙ ላስቲክ አልቆ ብሎኑ አስፋልት እየነካ ነው። ብሎኑ ሳይነካ በፊት ለውጡት። ከመኪና ጎማ ቆርጦ የገጠመ አለ። ይይዛል፣ ግን በደንብ ካልታሰረ ተገልብጦ ሰውየውን ያነሳዋል።

ላስቲኩ አዲስ ሆኖም "አይዝም" የሚሉኝ አሉ። የት እንደሆነ ስጠይቅ፦ ሐረጎ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት። እዚህ ላይ ሮለሩ ጥፋት የለበትም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ማለት ነው፣ ያውም በጠመዝማዛ፣ ያውም ከከባድ መኪና ጋር። አንዲት አውራ ጣት የምታህል ላስቲክ ያንን አታቆምም። ትግላለች፣ ትለሰልሳለች፣ ትላጣለች። ለዚህ ጥገና የለኝም። ባጃጅ ወይም አይሱዙ ኋላ ይዛችሁ የምትጎተቱትም እንደዚያው። ሹፌሩ አያያችሁም፤ ፍሬን ሲይዝ እናንተ መያዝ አትችሉም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በበረዶ ሸርተቴ የተወዳደረውን ሮቤል ተክለማርያምን እያነሱ የሚከራከሩኝ ልጆች አሉ። የእሱ ስፖርት ሰዎች በረዶው እስኪጥል በመስከረምና በጥቅምት ጎማ ባለው ሸርተቴ አስፋልት ላይ ይለማመዳሉ፣ ልክ ነው። ያ ሸርተቴ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን የለውም። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ዳገት ላይ ይሠሩታል። ለዳገት ደግሞ ከደሴ ወዲያ ወዴት ይኬዳል? መኪና የማይበዛበትን ዳገት ምረጡ። ሽቅብ ንዱ፤ ስትጨርሱ ጫማውን አውልቃችሁ በእግር ውረዱ። ለፍጥነት እሑድ በማለዳ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ እንገናኛለን። ሄልሜት ያላደረገ አይሰለፍም።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ጎማዎቹን የያዘው ፍሬም ከተሰነጠቀ ይጣላል፤ አይበየድም። ጫማው ቁጥር የሚጨምር ዓይነት ሆኖ ቁልፉ ከተነከሰ ውስጡ ጠጠር አለ፣ አራግፉት። ሮለሩ ሁሌ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ፍሬሙን ከጫማው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ብሎኖች አላሉ፣ መሃል ላይ አስተካክሉና አጥብቁ። የውስጥ ጫማው ከሸተተ አውጥታችሁ በእጅ እጠቡት። የሚታጠበው እሱ ብቻ ነው።