ጠፋ ያልኩት ኮሚት እንዴት ተመለሰ
ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እየተጫጫነኝ በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) ላይ «ጊት ሪሴት»ን ከ«ሃርድ» ጋር ጻፍኩ፤ ሥራውን ወደ ቀድሞ ኮሚት (የተመዘገበ የሥራ ደረጃ) የሚመልስ፣ ያልተመዘገበውን የሚያጠፋ ትዕዛዝ ነው። አንድ ኮሚት ወደኋላ ልመለስ ብዬ ሦስት ተመለስኩ። የሁለት ቀን ሥራ ከ«ጊት ሎግ» (ከኮሚቶች ዝርዝር) ላይ ብን አለ። ፑሽ አላደረግኩም፣ ማለትም ወደ ሰርቨር አልላክኩትም ነበር። ክው አልኩ።

ያዳነኝ «ጊት ሪፍሎግ» ነው። ሎግ የሚያሳየው አሁን ካለንበት ኮሚት ወደኋላ ያለውን ብቻ ነው። ሪፍሎግ ግን «ሄድ» (አሁን ያለንበትን ኮሚት የሚጠቁመው ምልክት) የረገጠበትን ሁሉ በየተራ ይመዘግባል። የላይኛው መስመር የእኔ ጥፋት ነው፤ ከሥሩ ያለው የድሮው ኮሚት። መለያውን ኮፒ አድርጌ «ጊት ብራንች ማዳኛ» ከሚለው ቀጥሎ ለጠፍኩት፤ ትዕዛዙ ከዚያ ኮሚት ላይ «ማዳኛ» የተባለ አዲስ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ይፈጥራል። ኮሚቶቹ ሁሉ ተመለሱ። ሃርድን ደግሞ ለመንካት እጄ ስለፈራ ነው ብራንች የመረጥኩት።

እንዲህ ተንጠልጥሎ የቀረ ኮሚት፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ ሪፍሎግ ላይ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ግን በሪፍሎግ አይመለስም። አንዲት የኮንፊግ ፋይል ላይ የነካካሁት እዚያው ቀረ።