ጎልደንሮድ ልትተክሉ ካሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

መስከረም ሲጠባ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት የመንገዱ ዳር ሁሉ ቢጫ ይለብሳል። አገር ቤት አደይ በምትፈካበት ሰሞን መሆኑ ነው። ቢጫው አበባ ጎልደንሮድ ይባላል። ዝርያው ከመቶ በላይ ነው፣ አብዛኛው የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ፣ ከአደይ ጋርም የአንድ ቤተሰብ ዕፅ ነው። ሌላው አበባ እየረገፈ ባለበት ወቅት ለንብና ለቢራቢሮ ምግብ ይዞ የሚቆይ እሱ ነው። ወደ ሜክሲኮ የሚሰደዱት ሞናርክ ቢራቢሮዎችም መንገድ ላይ ከእሱ ይቀስማሉ። ግን ሲተከል አይቼ የማዝንበት ነገር ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ያስነጥሳል» ብሎ መንቀል ነው። እስቲ ጣታችሁን አበባው ላይ አሸት አድርጉ። ዱቄቱ ይጣበቃል። ከባድ ስለሆነ ነፋስ ብዙም አያነሳውም፣ የንብ ገላ ላይ ተለጥፎ ነው የሚጓዘው። በዚያ ሰሞን ዓይናችሁን የሚያሳክከው ራግዊድ የሚባል አረም ነው። አበባው አረንጓዴ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ዱቄቱን ግን ለነፋስ ይበትናል። ቢጫው ስለሚታይ ብቻ ጥፋቱ በእሱ ተላከከ።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ዝርያውን ሳይለዩ መትከል ነው። እኔም የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ቆፍሮ የሰጠኝን ሥር ደስ ብሎኝ ጤና አዳሜ አጠገብ ተከልኩት። የካናዳ ጎልደንሮድ ነበር፣ በላቲን ስሙ ሶሊዳጎ ካናደንሲስ። ይሄኛው ከመሬት በታች በሥሩ እየተሳበ ነው የሚሄደው፤ በሁለተኛው ዓመት ጤና አዳሙን ከቦ፣ የበሶብላ መደቤን አልፎ አጥሩ ሥር ደረሰ። በአካፋ ስነቅለው ዋልኩ፣ የተቆረጠው ሥር ደግሞ እንደገና አቆጠቆጠ። ሰፊ ሜዳ ላለው ሰው ችግር የለውም። ለትንሽ ጓሮ ግን ባለበት የሚወፍረውን ፈልጉ። ፀሐይ ለሚያገኝ ቦታ ሶሊዳጎ ስፔሲዮሳ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ ሶሊዳጎ ካኤሲያ ጥሩ ናቸው። ችግኝ ስትገዙ የላቲን ስሙን ጠይቁ፣ «ጎልደንሮድ» የሚል ወረቀት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ማዳበሪያ አትስጡት። የሰባ አፈር ላይ ቁመቱ ይመዘዝና የመጀመሪያው ዝናብ መሬት ላይ ይዘርረዋል። ውኃም የሚፈልገው ሥር እስኪይዝ፣ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ረጅሙን ዝርያ በሰኔ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በግማሽ ብትቆርጡት አጠር ብሎ፣ ቅርንጫፍ አውጥቶ ያብባል።

ዘሩን አፈር ውስጥ መቅበርም ሌላ ስህተት ነው። ደቃቅ ነው፣ ብርሃን ይፈልጋል። በመከር ማብቂያ ላይ ላዩን በትናችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ ቀሪውን የክረምቱ ብርድ ይሠራዋል።

ለንብ ብላችሁ ተክላችሁ መርዝ አትርጩ። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባለው መርዝ ተክሉ ውስጥ ገብቶ እስከ አበባው ዱቄት ይደርሳል። ሜሪላንድ ይህን መድኃኒት ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ከ2018 ጀምሮ ከልክላለች፤ ችግኙ ከመሸጡ በፊት ተረጭቶ እንደሆነ ግን ሻጩን መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

አበባው ሲደርቅ ሁሉንም አጭዶ መጣል ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ግንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንዳንዱ መሃሉ ላይ ከብይ ተለቅ ያለ ድቡልቡል እብጠት አለው። ውስጡ የአንዲት ትንሽ ዝንብ እጭ ክረምቱን ታሳልፋለች። ባለፈው ጥር አንዲት ግንደ ቆርቁር በረዶ ላይ በቆመው ግንድ ተንጠልጥላ እብጠቱን ስትቀጠቅጥ ከኩሽና መስኮት ቆሜ አየኋት፣ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ። ስለዚህ እስከ ፀደይ ተዉት። ስትቆርጡትም ከ20 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጉቶ አስቀሩ፣ ትንንሽ የዱር ንቦች እዚያ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ።

የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይህን ደረቅ ግንድ አይቶ «አረም አጽጂ» የሚል ደብዳቤ ልኮብኝ ነበር። ዝም ብላችሁ አትንቀሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2021 ወዲህ ማኅበራት እንዲህ ዓይነቱን የንብና የቢራቢሮ ጓሮ ያለ አግባብ እንዳይከለክሉ ሕግ አለ። እኔ ያንኑ ሕግ ጠቅሼ መለስኩላቸው፣ ዳር ዳሩንም በድንጋይ ከብቤ የተተከለ መሆኑ እንዲታይ አደረግኩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እናቴ ፎቶውን አይታ «ዘሩን ስትመጪ ያዢልኝ» አለችኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ፣ ግን እምቢ አልኳት። የካናዳው ዝርያ ተወስዶ አውሮፓና ቻይና ውስጥ የአገሩን ዕፅዋት እየዋጠ ነው። የእሷ ጓሮ ንቦች አደይ አለቻቸው፤ የጥቅምትና የኅዳሩ ማር የሚቆረጠው ከእሷ ነው።