4,294,967,297ን በወረቀትና በስልክ ካልኩሌተር እንዴት እንመርምረው?

ትልቅ ቁጥር ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ቁጥሩን በተራ ከጠየቁት ግን ሁሉንም ይናገራል። ዛሬ 4,294,967,297ን እንያዝ። አመጣጡ ቀላል ነው፤ ሠላሳ ሁለት 2ቶችን አባዙና 1 ደምሩ። ያቺ 1 ባትኖር ደግሞ የነባሩ የኢንተርኔት አድራሻ፣ የአይፒቪ4፣ ጠቅላላ ብዛት ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ጫፉን እዩ። በ7 ያልቃል። ስለዚህ ኢ-ተጋማሽ ነው፤ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። ቀጥሎ አሃዞቹን ደምሩ፤ 59 ይመጣል። 59 ለ3 አይካፈልም፣ ቁጥሩም እንደዚያው።

ሦስተኛውን ደረጃ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አሃዝ እያደረጋችሁ ቁረጡት፦ 297፣ 967፣ 294፣ 4። አሁን እያፈራረቃችሁ ቀንሱና ደምሩ፦ 297 − 967 + 294 − 4። መልሱ −380 ነው። የመቀነስ ምልክቱን ተዉትና 380ን ለ7፣ ለ11 እና ለ13 ሞክሩ። ለአንዳቸውም አይካፈልም። ስለዚህ ትልቁም አይካፈልም። ዘዴው የሚሠራው 7 × 11 × 13 = 1,001 ስለሆነ ነው። በአንድ ስሌት ሦስት ጥያቄ ተመለሰ!

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ቁጥሩ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው፣ ትንሹ ከ65,536 አይበልጥም። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ የሌላቸው) ግን ከ6,500 በላይ ናቸው። ማን ይጨርሳቸዋል? ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ራሱ ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስህተቱን በ1732 ያሳየው ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው። በኋላም የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 እንደሚተርፈው አረጋገጠ። ይህች አንድ መረጃ ሥራውን ሁሉ ታቀላለች።

ከ1 ተነስታችሁ 64 እየጨመራችሁ ሂዱ፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከእነዚህ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። ስልካችሁን አውጡና አካፍሉ። ለ193 ስታካፍሉት 22,253,716.56 እያለ ይቀጥላል፤ አልሆነም። ቀጣዮቹ ሦስቱም ነጥብ ያመጣሉ። አምስተኛው ላይ፣ 641 ላይ፣ ስክሪኑ ጥርት አድርጎ 6,700,417 ይላል። ምንም ቀሪ የለም።

6,700,417ስ ይከፈል ይሆን? የእሱ አካፋይ ሁሉ የትልቁም አካፋይ ስለሆነ በዚያው ወንፊት አሳልፉት። የእሱ ስኩዌር ሩት 2,588 አካባቢ ነው። የሚቀሯችሁ ሰባት ሙከራዎች ብቻ ናቸው፦ 641፣ 769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601 እና 2,113። አንዳቸውም አያካፍሉትም። ስለዚህ ብቸኛ ቁጥር ነው።

የትልቁ ቁጥር አካፋዮች እንግዲህ አራት ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ። ስትደምሯቸው 4,301,668,356 ካልመጣላችሁ የሆነ ቦታ አንድ አሃዝ ዘላችኋል ማለት ነው።